ስለ ባዜቃውም ጻፉልን

ይድረስ ለጋዜጣው አዘጋጅ፣

ስለ ወርቅ የምታወጡት ዜና አያመልጠኝም። በ2017 በጀት ዓመት ወርቅ በውጭ ምንዛሪ ገቢ ቡናን መቅደሙን ሳነብ ደስ ብሎኛል። ከዚያ ወርቅ ብዙው ከባህላዊ አምራቾች እጅ የወጣ ነው። ስለ እጆቹና ስለሚነኩት ፈሳሽ ብረት፣ ስለ ባዜቃ (ሜርኩሪ)፣ ግን እስካሁን ምንም አላነበብኩም።

ያደግኩት በሰሜን ምዕራብ ትግራይ፣ ወደ ተከዜ ከሚወርዱት ወንዞች በአንዱ ዳር ነው። መኪና የሚገባው በበጋ ብቻ ነው። አዝመራ ሲሰበሰብ ሰፈሩ በሙሉ ወንዝ ይወርዳል። አክስቴም ገበቴዋን ይዛ ትወርዳለች። ውኃው ውስጥ ቁጢጥ ብላ ገበቴውን ታዞረዋለች። ወርቅ ከተራ አሸዋ ሰባት እጥፍ ያህል ይከብዳል። አሸዋው ከውኃው ጋር ይሄድና ጥቁሩ አሸዋ ከታች ይቀራል። ከእሱ ውስጥ ወርቁ ብልጭ ይላል። የጤፍ ፍሬ የሚያክል ከተገኘ ቀኑ ጥሩ ነው።

ዱሮ ነገሩ እዚያው ያበቃ ነበር። አሁን ሜርኩሪ መጣ፤ የዱሮ ሰዎች ባዜቃ የሚሉት። በትንሽ ብልቃጥ ይሸጣል። አክስቴ ጥቁሩ አሸዋ ላይ ጠብ ታደርግበትና በባዶ እጇ ታሸዋለች። ደቃቁን ወርቅ ሰብስቦ ይይዝላታል። ከዚያ በነጠላ ቁራጭ ትጨምቀዋለች። ሜርኩሪው ተንኖ ወርቁ እንዲቀር የቀረችውን ብርማ እንክብል በማንኪያ አድርጋ ከሰል ላይ ትጥዳለች። ቡና የሚፈላበት ያው ከሰል ነው። ቤቱ ጠባብ ነው፣ ልጆቹም እዚያው ናቸው።

ሜርኩሪው ሲተን አይታይም፣ አይሸትም። ሰው የማይፈራውም ለዚህ ነው። ወደ ውስጥ ሲሳብ ነርቭ ይጎዳል፣ እጅ ያንቀጠቅጣል፣ ማህፀን ውስጥ ያለ ጽንስ ድረስ ይዘልቃል። ወንዝ የገባው ደግሞ ተለውጦ በዓሣ በኩል ወደ ሰው ይመለሳል። ጃፓኖች ይህን በሚናማታ አይተውታል። በሽታው በፈረንጆቹ 1956 የታወቀው ከፋብሪካ ወደ ባሕር በተለቀቀ ሜርኩሪ ሰዎች ከታመሙ በኋላ ነው። ዛሬ ሜርኩሪን የሚገድበው ዓለም አቀፍ ስምምነት የሚጠራው በዚያች ከተማ ስም ነው።

አክስቴን «ተይው» ማለት አልችልም። ከጦርነቱ በኋላ ቤቷን ያቆመችው በዚሁ ወርቅ ነው። ግን መላ አለው። ሪቶርት የሚባል ክዳን ያለው ትንሽ የብረት ዕቃ አለ። እንፋሎቱን በቧንቧ ይዞ ያቀዘቅዝና ሜርኩሪውን መልሶ ያንጠባጥባል። በየቤቱ አይበተንም፣ የተረፈውም ደግሞ ይሠራበታል። ጎበዝ በያጅ ከውኃ ቧንቧ ብረት ሊሠራው ይችላል። ወርቁን የሚገዙት ነጋዴዎችና መንግሥት ለየወንዙ ጥቂት ቢያዳርሱ ምን ይከብዳቸዋል? እስከዚያው እንኳ ከደጅ፣ ከልጆች ርቆ፣ ነፋሱን ከጀርባ አድርጎ ማቃጠል እንደሚሻል የሚነግራቸው ይኑር።

አክስቴ አሁን ቡና ስትቀዳ እጇ ይንቀጠቀጣል። ከምን እንደሆነ መርምሮ የነገራት ሐኪም የለም። በአካባቢው ጤና ጣቢያም ስለ ሜርኩሪ የጠየቃት ሰው እንደሌለ ነግራኛለች።

እባካችሁ፣ ስለ ቶኑና ስለ ዶላሩ በጻፋችሁበት ገጽ ስለዚህም ጻፉ። ዘጋቢ የምትልኩ ከሆነ በበጋ ላኩልን። ክረምት ከገባ ወንዙ አያሻግርም።

አንባቢያችሁ፣
ከሽሬ እንዳሥላሴ