የርእሰ መምህራኑ ሥልጠና፦ ዘንድሮ ወደ ክላስተር ማዕከላቱ እንሂድ

ውድ አባላት፣

ርእሰ መምህራኑን ዞን ከተማ ጠርቶ ሆቴል አዳራሽ ማስቀመጡን ዘንድሮ እንተወው። አበሉ በጀቱን ይበላዋል። ትምህርት ቤቱም ሳምንቱን ሙሉ ያለ ኃላፊ ይከርማል። ራቅ ባለ ገጠር ርእሰ መምህሩ ብዙ ጊዜ ራሱ ክፍል ገብቶ ያስተምራል፤ እሱ ሲወጣ ተማሪውም ይበተናል። ክላስተር ማዕከላቱ ግን አሉልን። አንዱ ማዕከል ራሱ ትምህርት ቤት ሆኖ በዙሪያው ያሉትን ሳተላይት (አባል) ትምህርት ቤቶች ይይዛል፣ ሱፐርቫይዘርም አለው። መንገዱ በበቅሎም ቢሆን እኛ እንሂድ።

ይዘቱስ? ስለ አመራር ፍልስፍና የሚያወራ ስላይድ ይቅር። መብራት በሌለበት ፕሮጀክተር ያው ሸክም ነው። ከመዝገቡ እንጀምር። መጽሐፍ ሲመጣ በንብረት መቀበያው ቅጽ በሞዴል 19 ገቢ ይሆናል፣ ሲወጣ በወጪ ቅጹ በሞዴል 22። ይህን ሳይሞላ ቀርቶ ርክክብ ላይ ዕዳ የሚታቀፍ ርእሰ መምህር ስንት ነው! ቀጥሎ የትምህርት ቤት ድጎማው። የሚሰላው በተማሪ ቁጥር ስለሆነ የመስከረም ምዝገባ ከተዛባ ገንዘቡም ይዛባል። በኅዳር አጨዳ የሚጠፉትን ልጆች ከወላጅ ተማሪ መምህር ኅብረቱ ጋር ተነጋግሮ መመለስ ግን ከሁሉም ይከብዳል። ለእሱ ብቻ ግማሽ ቀን ይሰጠው።

ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ሆናችሁ በክረምት የትምህርት አመራር ዲፕሎማ የምታስተምሩ፣ ሠልጣኞቻችሁ የየትምህርት ቤታቸውን መዝገብ ይዘው እንዲመጡ ንገሩልን።

መሄድ የምትችሉ እስከ ዓርብ አሳውቁን። የእግር መንገድ የሚከብደው አይፈር፤ ጽሑፍ ማዘጋጀቱም ሰው ይፈልጋል።