ለተሽከርካሪ ቢሮው ኃላፊ፦ ሞተሬ ናፍታ ነው፣ ሊብሬዬ ቤንዚን ይላል

ክቡር ኃላፊ፣

ሦስት ማመልከቻ አስገብቼ መልስ ስላጣሁ ይኸው በአደባባይ ጻፍኩልዎ። የቢሮዎን ስም አልጠራም። ፋይሌን ግን ያውቁታል፤ "ኃላፊው ጠረጴዛ ላይ ነው" እየተባልኩ ስንቴ ተመልሻለሁ።

አሮጌ ሂሉክስ ፒክአፕ አለችኝ። የቤንዚን ሞተሯ፣ 22 አር የሚሉት፣ ዘይት መጠጣት ጀመረ። ዕቃ ጭኜ ከለገሃር በቸርችል ጎዳና ወደ ፒያሳ ስወጣ ታቃስታለች። አዲስ ግዛ እንዳይሉኝ፣ ኪሴንም ያውቁታል፣ ከ2016 ወዲህ የቤንዚንና የናፍታ አውቶሞቢል እንዳይገባ መከልከሉንም ያውቃሉ። ስለዚህ ሶማሌ ተራ ሄጄ 3 ኤል የናፍታ ሞተር ገዛሁ፣ ከነደረሰኙ፣ ከነጉምሩክ ዲክላራሲዮኑ ኮፒ። መካኒኬ በአራት ቀን ጨረሰው። የቤንዚኑ ካምቢዮ ከናፍታው ሞተር ጋር አልጋጠም ስላለ መጋጠሚያ ቤቱን ቀየረ፣ ትርፍ ናፍታ የሚመለስበትን ቱቦ ዘረጋ፣ ፍሬኑን የሚያግዘውን ቫኪዩም ዲናሞው ላይ ካለው ፓምፕ አገናኘ፤ ናፍታ ሞተር እንደ ቤንዚኑ ቫኪዩሙን ከራሱ አይሰጥማ። ይህን ሁሉ የምዘረዝርልዎ ከእናንተ ዘንድ ኮፈኑን ከፍቶ ያየ አንድም ሰው ስለሌለ ነው።

የሞተር ቁጥሩን ሊብሬ ላይ ማስገባት ግን ይኸው ስምንት ወር። መጀመሪያ ዋናውን ዲክላራሲዮን አምጣ ተባልኩ። ዋናው አስመጪው ጋ ነው፣ በአንድ ወረቀት ስንት ሞተር ገብቶበታል፣ ለእኔ ቆርጦ ይስጠኝ? ቀጥሎ "አሮጌው ሞተር ይቅረብ" መጣ። እሺ ብዬ፣ የራሴ መኪና ቦሎ የላትምና የሰው ፒክአፕ ተከራይቼ፣ ሦስት ጎበዝ ልጆች ይዤ፣ ሞተሩን አስጭኜ መጣሁ። ጥበቃው "ዕቃ ይዞ መግባት አይቻልም" አለኝ። ውስጥ ያለችው ባለሙያ ደግሞ ወጥታ ማየት ሥራዋ አይደለም። በራችሁ ላይ የተንጠባጠበውን ዘይት ይቅር በሉኝ።

በሩ ላይ የነበረው ደላላ ግን ወዲያው ገባው። "ወንድሜ ምን አደከመህ፣ የድሮውን ቁጥር አዲሱ ላይ አስመታው፣ በሳምንት ቦሎህን ትለጥፋለህ" አለኝ፤ ዋጋውንም ሳይደብቅ። እናንተ በር ላይ ቆሞ ነው እንዲህ የሚለኝ! ቁጥር ያስመታ ሰው እየነዳ ነው ማለት ነው። ሞተር ቀይሬያለሁ ብዬ በእግሬ መጥቼ የተናገርኩት እኔ ግን መኪናዬ ግቢ ቆማ ጎማዋ እየተነፈሰ ነው። ቁጥሩን እንድፍቀው ነው የምትፈልጉት? ከሆነ በጽሑፍ ስጡኝ።

ሰኞ ጠዋት እመጣለሁ። ሞተሩን እንደገና ልጫነው ወይስ ቴክኒሻን ወደ በሩ ይወጣል? መልሱን ለጥበቃው ይንገሩልኝ፤ ከእርስዎ ይልቅ እሱን ማግኘት ይቀላል።

ባለፒክአፑ፣ ከፒያሳ