ሴፍትሪያክሶን «ጠንካራ» ነው ሲባል

ለጋዜጣው አዘጋጅ፣

በጤና ጽሑፎች በመርፌ የሚሰጠው ፀረ ባክቴሪያ መድኃኒት ሴፍትሪያክሶን «ጠንካራው መርፌ» እየተባለ ሲጠራ ይነበባል። ስያሜው ያሳስታል። መድኃኒቱ የሚያጠቃቸው ባክቴሪያዎች ዓይነታቸው ብዙ ነው እንጂ ከሌላው ሁሉ የበረታ አይደለም። ባክቴሪያው ለፔኒሲሊን የሚበገር ከሆነ ፔኒሲሊን ያንኑ ሥራ ይሠራል፤ በአንጀት ባክቴሪያዎች ላይ የሚያደርሰው ጉዳትም ያንሳል።

የሚሰጥባቸው ሕመሞች የታወቁ ናቸው፤ ማጅራት ገትር፣ ሆስፒታል የሚያስተኛ የሳንባ ምች፣ ከባድ የኩላሊት ኢንፌክሽን፣ ታይፎይድ፣ ጨብጥ። የተወደደው በቀን አንዴ ስለሚበቃ ነው። በጤነኛ አዋቂ ደም ውስጥ መጠኑ በግማሽ የሚቀንሰው ከ6 እስከ 9 ሰዓት ቆይቶ ነው። ለሳንባ ምች በቀን 1 ወይም 2 ግራም ይሰጣል። ማጅራት ገትር ግን ሌላ ነው። መድኃኒቱ ወደ አንጎልና ሕብለ ሰረሰር ፈሳሽ የሚያልፈው በጥቂቱ ስለሆነ አዋቂ በየ12 ሰዓቱ 2 ግራም ያስፈልገዋል። ለካልቸር (ባክቴሪያውን አሳድጎ ለመለየት) ደም ተወስዶ ወዲያው ይጀመራል፤ ሲቲ ስካን እስኪነሳ መጠበቅ ሕይወት ያስከፍላል።

የማይነካቸው ባክቴሪያዎችም አሉ። ኢንተሮኮከስን፣ ሊስቴሪያንና ሜቲሲሊን የማይበግረውን ስታፊሎኮከስ አይገድልም፤ በሱዶሞናስም ላይ አይታመንም። ዕድሜው ከ50 በላይ ለሆነ የማጅራት ገትር ታካሚ አምፒሲሊን የሚጨመረው በሊስቴሪያ ምክንያት ነው። ኢኤስቢኤል የተባለውን ኤንዛይም የሚያመነጩ ኢ. ኮላይና ክሌብሲየላ ደግሞ መድኃኒቱን ሰባብረው ይጥሉታል፤ በእነዚህ ለመጣ ከባድ ኢንፌክሽን የሚመረጠው ሜሮፔነም የተባለው ሌላ ፀረ ባክቴሪያ ነው። ስለዚህ በሦስተኛው ቀን ትኩሳቱ ካልበረደ መጠኑን መጨመር መፍትሔ አይሆንም። የካልቸሩ ውጤት ይታይ፣ የተቋጠረ መግል መኖሩም ይፈለግ።

ብዙው ስህተት ግን የሚሠራው ሲበጠበጥ ነው። በጡንቻ የሚሰጥ ከሆነ 1 ግራሙ በ3.5 ሚሊ ሊትር 1 በመቶ ሊዶካይን (ማደንዘዣ) ይሟሟል፤ በአንድ ቦታ ከ1 ግራም በላይ አይወጋም። ይህ በሊዶካይን የሟሟው በምንም ዓይነት ወደ ደም ሥር መግባት የለበትም፣ የልብ ምትን ያዛባልና። ለደም ሥር 1 ግራም በ10 ሚሊ ሊትር ለመርፌ በተዘጋጀ ውሃ ተበጥብጦ ከ2 እስከ 4 ደቂቃ ቀስ ተብሎ ይገፋል፤ 2 ግራም ሲሆን በኖርማል ሳላይን (የጨው ውሃ) ወይም በግሉኮስ ቢያንስ በ30 ደቂቃ ይንጠባጠባል።

በደም ሥር የሚሰጠው ፈሳሽ ሪንገር ላክቴት ግን ለመበጥበጫ አይሆንም! ካልሲየም አለበት፤ ከሴፍትሪያክሶን ጋር ሲገናኝ ጠጣር ዝቃጭ ይሠራል። ይኸው ዝቃጭ በሳንባና በኩላሊት ተጠራቅሞ የሞቱ ጨቅላዎች አሉ። ዕድሜው ከ28 ቀን በላይ ለሆነ ሰው የመርፌው መስመር በደንብ ከታጠበ በኋላ መድኃኒቱንና ካልሲየም ያለውን ፈሳሽ በተራ መስጠት ይቻላል። እስከ 28 ቀን ላለ ጨቅላ ግን ካልሲየም ያለው ፈሳሽ በደም ሥር የሚያገኝ ከሆነ መድኃኒቱ ጨርሶ ክልክል ነው። ቆዳውና ዓይኑ ቢጫ ለሆነ ጨቅላም አይሰጥም፤ ቢጫ የሚያደርገውን ቢሊሩቢን አልቡሚን ከተባለው የደም ፕሮቲን አላቅቆ ወደ አንጎል ሊሰድደው ይችላል። በሁለቱም ጊዜ ሴፎታክሲም የተባለው ተመሳሳይ መድኃኒት ይተካዋል።

ለረጅም ጊዜ በብዛት ሲወሰድ በሐሞት ከረጢት ውስጥ ጠጠር የሚመስል ዝቃጭ በአልትራሳውንድ ይታያል። መድኃኒቱ ሲቆም ብዙውን ጊዜ በራሱ ስለሚጠፋ ለቀዶ ሕክምና መቸኮል አያስፈልግም።

ከአክብሮት ጋር፣
የመድኃኒት ባለሙያ