ጭንቅላቱን የተመታ ልጅ ወደ ሜዳ አይመለስ

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፣

ነርስ ነኝ፤ ልጄ እዚህ ጎንደር፣ አዘዞ፣ በአንድ የታዳጊዎች ፕሮጀክት ኳስ ይጫወታል። ይህን የምጽፈው በቅርቡ አንድ ቅዳሜ ጠዋት ሜዳ ዳር ቆሜ ያየሁት ነገር እንቅልፍ ስለነሳኝ ነው።

ከማዕዘን የተሻማችውን ኳስ በቴስታ ለመምታት ሁለት ልጆች እኩል ዘለሉና ጭንቅላት ለጭንቅላት ተጋጩ። አንደኛው ወዲያው ተነሣ። ሌላኛው፣ የእኛው ተከላካይ፣ ቆይቶ ተነሣና ወደ ተቀያሪዎቹ ወንበር መሄድ ጀመረ፤ የት እንዳለ የገባው አይመስልም ነበር። አሰልጣኙ አንድ ሃይላንድ ውሃ አናቱ ላይ አፈሰሰለትና "ወንድ አይደለህ እንዴ? ግባ!" አለው። ቀርቤ "ይህ ልጅ መውጣት አለበት፣ ነርስ ነኝ" ብል፣ "እትዬ፣ ይሄ ኳስ ሜዳ እንጂ ሆስፒታል አይደለም" የሚል መልስ ሰጠኝ። ልጁ ገባ። ከእረፍት በኋላ ኳስ አምልጣው ጎል ሲቆጠር ደግሞ ጠርቶ በጓደኞቹ ፊት በጥፊ መታው። ጨዋታው ሳያልቅ ልጁ አስመለሰው፤ እኔና እናቱ በባጃጅ ይዘነው ወደ ሆስፒታል ሮጥን። እግዚአብሔር ይመስገን፣ ተርፏል።

አንጎል ለመናወጥ የግድ ራስን መሳት አያስፈልግም። ብዙዎቹ ተጎጂዎች ዓይናቸውን ከፍተው፣ እየተራመዱ ነው የሚጎዱት። መደናገር፣ ራስ ምታት፣ ማዞር፣ የተጠየቁትን ቶሎ አለመመለስ ምልክቶቹ ናቸው። ልጆች ደግሞ ከአዋቂ ይልቅ ለማገገም ጊዜ ይወስድባቸዋል። ሳያገግሙ ሁለተኛ ምት ከደረሰባቸው፣ አልፎ አልፎም ቢሆን፣ አንጎል አብጦ ሕይወት እስከማጥፋት ይደርሳል። ስለዚህ አንጎሉ ተናውጧል ተብሎ የተጠረጠረ ልጅ በዚያ ቀን ወደ ሜዳ አይመለስም። ማስታወክ፣ የሚብስ ራስ ምታት ወይም ያልተለመደ ድብታ ከታየበት ሳይውል ሳያድር ሆስፒታል ይሂድ። የእግር ኳስ ሕግ አውጪዎቹም ቢሆኑ እ.ኤ.አ. ከ2024 ጀምሮ ጭንቅላቱን ለተጎዳ ተጫዋች ለብቻው የሚቆጠር ቅያሪ በሕጋቸው አካተዋል። ለደመወዝተኛ አዋቂ የታሰበለት፣ ለእኛ የሰባተኛ ክፍል ተማሪ እንዴት ይነፈገዋል?

ጥፊውን በተመለከተ "ዲሲፕሊን ነው" የሚሉ አሉ። አይደለም። ሕገ መንግሥታችን በአንቀጽ 36 ሕፃናት በትምህርት ቤትም ሆነ በሚያሳድጓቸው ተቋማት አካልን ከሚጎዳና ከጭካኔ ቅጣት ነፃ እንዲሆኑ ደንግጓል። ልጆቻችንን በአደራ የሰጠነው አሰልጣኝ ከዚህ መንፈስ ውጪ ነኝ ሊል አይችልም። የተመታ ልጅ በሚቀጥለው ጨዋታ ኳስ እንዳትደርሰው ሲሸሽ በዓይኔ አይቻለሁ፤ ታዲያ ምኑን ሠለጠነ?

እኛ ወላጆችም ለምን ዝም እንደምንል አውቃለሁ። አፄዎቹ፣ የከተማችን ክለብ ፋሲል ከነማ፣ በ2013 ዓ.ም. የፕሪሚየር ሊጉን ዋንጫ ወደ ጎንደር ካመጡ ወዲህ የፋሲልን ማሊያ ለብሶ የማይተኛ ልጅ በሰፈራችን የለም። "ከተናገርኩ ልጄን ያስቀምጥብኛል" ብለን እንፈራለን። ፍርሃታችን ግን አሰልጣኙን እያበላሸው ነው። ደግ አሰልጣኞችም አሉን፤ የተሳሳተውን ልጅ ለብቻው ጠርተው የሚመክሩ፣ ዳኛ ሲሳሳት የማይሳደቡ፣ ተቀያሪ የሆነውን ሁሉ በየተራ የሚያስገቡ። ብዙዎቹ ያለ ደመወዝ ነው የሚደክሙት፣ ስለዚህም ቃሌ እነሱን አይመለከትም።

የከተማችንን የስፖርት ኃላፊዎች የምጠይቀው አንድ ነገር ነው፦ የታዳጊ ቡድን የሚይዝ ሰው ሁሉ ፈቃድ ከማግኘቱ በፊት የመጀመሪያ እርዳታ ሥልጠና ይውሰድ፣ ልጅ ላለመምታትም በፊርማው ቃል ይግባ። ሥልጠናውን የሚሰጥ ከጠፋ፣ እኔና የሥራ ባልደረቦቼ እሑድ ከሰዓት በነፃ እንሰጣለን፤ አዳራሽ እንኳ ባይኖር ሜዳው ዳር ይበቃናል።

አንዲት እናት፣ ከአዘዞ