ከሆስፒታል መልስ ያለው ሕክምና የማን ነው?

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፤

ስለ ሕፃናት ቀዶ ሕክምና የሚወጣው ዘገባ አብዛኛውን ጊዜ የሚያበቃው ሕፃኑ ከቀዶ ሕክምና ክፍል በሰላም ሲወጣ ነው። እናት ታመሰግናለች፣ ሐኪሙ ሁለት ቃል ይናገራል፣ ዜናው ያልቃል። በሕፃናት ቀዶ ሕክምና ክፍል ለምንሠራ ነርሶች ግን የሚያሳስበን ጊዜ የሚጀምረው እዚያ ላይ ነው። ለምሳሌ የምናነሣው የፊንጢጣ ቀዳዳ ሳይኖራቸው የሚወለዱ ሕፃናትን ነው። ከ5,000 ሕፃናት በአንዱ ላይ ገደማ የሚያጋጥም ችግር ሲሆን ሕክምናው በብዙዎቹ ላይ ሦስት ዙር ነው። መጀመሪያ አንጀቱ በሆድ በኩል እንዲወጣ ይደረጋል፤ ኮሎስቶሚ የሚባለው ይህ ነው። ቀጥሎ ፊንጢጣው በቦታው ይሠራል። በመጨረሻ የሆዱ ቀዳዳ ይዘጋል። ሐኪሙ ሦስቴ ለጥቂት ሰዓት ይሠራል፤ በመካከል ያሉትን ወራት የሚሠራው ቤተሰቡ ነው። እና ይህን ሥራ ሳያስተምሩ ቤተሰብን ማሰናበት ሕክምናውን እኩሌታ ላይ ማቋረጥ ነው እንላለን።

ከወሊዱ ክፍል እንጀምር። አዋላጇ ሕፃኑን ስትመረምር መቀመጫውን ገልጣ በዓይኗ ማየት አለባት። «ካካ ብሏል» የሚል ወሬ ማስረጃ አይሆንም፤ ሴት ሕፃን ከብልቷ አፍ አጠገብ ባለች ጠባብ ቀዳዳ ሰገራ ልታወጣ ስለምትችል ሳይታወቅ ወራት ያልፋሉ። በወንድ ላይ ደግሞ ከሽንት ጋር የተቀላቀለ አረንጓዴ ነገር ሊታይ ይችላል። ሆዱ ከተነፋ፣ አረንጓዴ ካስመለሰ ወይም በ24 ሰዓት ውስጥ የመጀመሪያው ጥቁር ሰገራ ካልወጣ ሪፈር ይጻፋል። እስኪደርስ ድረስ በአፉ ምንም አይሰጠው፤ አዲስ ለተወለደ ልጅ ቅቤ ማስዋጥ የለመዱ አያቶች ይህን አስቀድመው ቢሰሙ ጥሩ ነው። መውጫ የሌለው ሆድ የገባውን መልሶ ይተፋል፣ የተተፋውም ወደ ሳንባ ሊገባ ይችላል። ሕፃኑ ገላው እንዲሞቅ ከእናቱ ደረት ጋር ይለጠፍ፣ ቢያስመልሰው በጎኑ ይያዝ።

ወንድ ከሆነ በስምንተኛው ቀን የሚደረገው ግርዛት ይቆይ። ከዚህ ችግር ጋር የሽንት ቧንቧ አፍ ከቦታው ዝቅ ብሎ የሚገኝባቸው ልጆች አሉ፤ ያንን ለማስተካከል ሐኪሙ ሸለፈቱን ይፈልገዋል፣ ተቆርጦ ከተጣለ መተኪያ ማግኘት ይከብዳል። የኩላሊት አልትራሳውንድና የልብ ምርመራም የሚታዘዘው በዚሁ ምክንያት ነው፦ ችግሩ ከኩላሊት፣ ከልብና ከአከርካሪ ጉድለት ጋር አብሮ ሊመጣ ይችላል። «ልቡን ምን አገናኘው?» ብሎ ምርመራውን የሚተው ቤተሰብ ጥቂት አይደለም።

አሁን ወደ ኮሎስቶሚው። ሆድ ላይ የሚታየው ቀይ ሥጋ የአንጀት ውስጠኛ ገጽ ነው። እርጥብና ቀይ ወይም ሮዝ መሆን አለበት። ሲነካ ሕፃኑን አያመውም፤ ሲታሽ ጥቂት ደም ጠብ ቢል አያስደነግጥም። ብዙውን ጊዜ ቀዳዳዎቹ ሁለት ናቸው፦ ከአንዱ ሰገራ፣ ከሌላው ንፍጥ መሰል ነገር ይወጣል። ቀለሙ ወደ ጥቁር ወይም ወደ ሰማያዊ ከተለወጠ በዚያው ቀን፣ ሌሊትም ቢሆን፣ ሆስፒታል ይኬዳል። ሕፃኑ ሲያለቅስ አንጀቱ ረዘም ብሎ ሊወጣ ይችላል። ቀይና ለስላሳ ከሆነ ልጁን አስተኝቶ ማባበል፣ ንጹሕ እርጥብ ጨርቅ ጣል ማድረግና ሲረጋጋ ወደ ውስጥ መመለሱን ማየት ነው። ከጠነከረ፣ ከጠቆረ፣ ሰገራ ካቆመ ወይም ልጁ ካስመለሰ ግን ድንገተኛ ነው።

በተግባር ቤተሰብን የሚያደክመው የቆዳው ጉዳይ ነው። ሆድ ላይ ተለጥፎ ሰገራውን የሚይዘውን ከረጢት የሚያገኝ ሰው የከረጢቱን ቀዳዳ ከቀዩ ሥጋ ዙሪያ ከ2 እስከ 3 ሚሊ ሜትር ብቻ አስፍቶ ይቁረጥ፤ ከዚያ ከሰፋ ሰገራው ቆዳው ላይ ይተኛል፣ ከጠበበ ጠርዙ አንጀቱን ይቆርጣል። ቆዳው በውሃ ታጥቦ ፈጽሞ ይድረቅ፤ ቫዝሊንም ዘይትም አይነካው፣ ማጣበቂያው አይይዝምና። ተለጣፊውን ለጥቂት ጊዜ በመዳፍ ማሞቅ አያያዙን ያሻሽለዋል። ከረጢቱ ሲሶው ሲሞላ ይደፋ፤ እስኪሞላ የሚጠብቅ ሰው በክብደቱ ተነቅሎ ያገኘዋል። አልኮልና ዴቶል ቆዳውን ስለሚያቃጥሉ አይደረጉም።

ከረጢት ያላገኘ ቤተሰብ ፌስታል ሲያስር እናያለን። ችግሩ ፌስታሉ ያልባል፣ ክሩ ቆዳውን ያንቃል፣ ሰገራውም እዚያው ይጠራቀማል። ከዚያ ይልቅ ጨርቅ ይሻላል። ያረጀ ንጹሕ ነጠላ ወይም ለስላሳ የጥጥ ጨርቅ መዳፍ በሚያህል መጠን ተቆርጦ አራት እጥፍ ይታጠፍ። በቀዩ ሥጋ ዙሪያ ያለው ቆዳ ላይ ዚንክ ኦክሳይድ ቅባት፣ ከሌለ ቫዝሊን፣ ወፈር ተደርጎ ይቀባ፤ ጨርቁ ይደረብና በሰፊ መቀነት ላላ ተደርጎ ይታሰር። ሁለት ጣት በመቀነቱ ሥር መግባት አለበት። ሰገራ ባየ ቁጥር ይለወጣል፣ ሌሊትም ጭምር። ሲጠረግ ቅባቱን እስከ ቆዳው መፋቅ አያስፈልግም፤ የቆሸሸውን አንሥቶ ከላይ መደረብ በቂ ነው። ጨርቆቹ በሳሙና ታጥበው ፀሐይ ላይ ይድረቁ። ቆዳው ቀልቶ በዙሪያው ጥቃቅን ቀይ ነጠብጣብ ካወጣ ፈንገስ ሊሆን ስለሚችል ጤና ጣቢያ አሳይቶ የፈንገስ ቅባት ማግኘት ነው፤ ቫዝሊን ቢደራረብ አያድነውም።

ገላ መታጠብ ይቻላል፤ ውሃው በቀዳዳው ገብቶ አይጎዳውም። ወንድ በ40፣ ሴት በ80 ቀን ክርስትና ሲነሡ «ውሃ ውስጥ ይገባል ወይ?» ተብለን እንጠየቃለን። የመጀመሪያው ቁስል ከዳነ ያለ ስጋት ይገባል፤ ሲወጣ በደንብ ማድረቅ ብቻ ነው። ልጁ ወደ ስድስት ወር ሲጠጋ እጁ ጨርቁ ላይ መሄዱ አይቀርም፤ ከኋላ የሚቆለፍ ልብስ ያን ጊዜ ይጠቅማል። ተቅማጥ ከያዘው ጡቱ ሳይቋረጥ ኦ.አር.ኤስ. በአንድ ሊትር ንጹሕ ውሃ በጥብጦ መስጠት ነው፤ አንዱን ፓኬት በብርጭቆ እያካፈሉ መበጥበጥ ጨው ያበዛል ወይም ያሳንሳል።

ከሁለተኛው ቀዶ ሕክምና በፊት ንፍጥ መሰሉ ነገር በሚወጣበት የሆድ ቀዳዳ ፈሳሽ ተጨምሮ የሚነሣ ራጅ አለ። አንጀቱ ከሽንት ቧንቧ ጋር የት እንደሚገናኝ የሚያሳየው እርሱ ስለሆነ ፊልሙ ቤት ተረስቶ የሚመጣ ቤተሰብ ቀጠሮው ሊሰረዝበት ይችላል። ጾሙም እንዲሁ። ማደንዘዣ ለሚወስድ ሕፃን የላም ወይም የቆርቆሮ ወተትና ምግብ ከ6 ሰዓት በፊት፣ የጡት ወተት ከ4 ሰዓት በፊት፣ ውሃ ከ2 ሰዓት በፊት ይቆማል። በእኛ ሰዓት አቆጣጠር፣ ቀዶ ሕክምናው ጠዋት 2 ሰዓት ከሆነ የላም ወተት ከሌሊቱ 8፣ ጡት ከሌሊቱ 10፣ ውሃ ከንጋቱ 12 ላይ ያበቃል። ካርዱ ላይ በፈረንጅ ሰዓት «8፡00» ተብሎ ተጽፎ እናት ከሰዓት በኋላ 8 ሰዓት ነው ብላ ብታስብ ጥፋቱ የእርሷ አይደለም። ጸበልም ቢሆን ፈሳሽ ነውና በዚሁ ሰዓት ይታሰብ፤ ልጁ ስላለቀሰ በድብቅ የጠባ ካለ ለነርሷ መንገር ያዋጣል። ቀጠሮ ቢራዘም ይሻላል፣ ሳንባው ውስጥ ወተት ከሚገባ።

ፊንጢጣውን የመሥራቱ ቀዶ ሕክምና አልቤርቶ ፔኛና ፒተር ዴ ቭሪስ በ1982 (እ.ኤ.አ.) ያስተዋወቁት ዘዴ ነው፤ ቁስሉ መቀመጫው መካከል ላይ ይሆናል። እዚህ ላይ አገራችን የራሷ ፈተና አላት፦ ማዘል። ታዝሎ እግሩ የሚከፈት ሕፃን ስፌቱ ይወጠራል። ሐኪሙ እስኪፈቅድ፣ በአብዛኛው ከአራት እስከ ስድስት ሳምንት፣ አይታዘል፤ በጎኑ ወይም በሆዱ ይተኛ፣ እግሮቹ ገጥመው ይታቀፍ። ሌላ ልጅና የቤት ሥራ ላለባት እናት ይህ ከባድ ትእዛዝ ነው። ስለዚህ ያን ሰሞን ቤቱ ውስጥ ሁለተኛ ሰው ማን እንደሚሆን አስቀድሞ መነጋገር ያስፈልጋል። የሽንት ካቴተሩ (ሽንት የሚያወጣው ቀጭን ቱቦ) ከወለቀ ማንም ቤት ውስጥ አይመልሰው። ቴርሞሜትርም ሆነ የሚሰገሰግ መድኃኒት በፊንጢጣው አይግባ።

ሁለት ሳምንት ገደማ ሲሆን የማስፋት ሥራ ይጀመራል፤ በእኛ እይታ የሕክምናው ዕጣ የሚወሰነው በአብዛኛው እዚህ ነው። አዲስ የተሠራው ቀዳዳ ሲድን እንደማንኛውም ጠባሳ ይሰበሰባል። እንዳይጠብ ሄጋር በሚባል ገጹ ለስላሳ የሆነ የብረት ዘንግ በቀን ሁለት ጊዜ ይሰፋል። የብረቱ ቁጥር ውፍረቱ በሚሊ ሜትር ነው። የመጀመሪያውን መጠን የሚመርጠው ቀዶ ሐኪሙ ነው፤ ከዚያ በየሳምንቱ አንድ ቁጥር ይጨመራል። የሚደረስበት መጠን እስከ አራት ወር ላለ ሕፃን 12፣ ከስምንት ወር እስከ ዓመት 14፣ ከአንድ እስከ ሦስት ዓመት 15 ነው። አንዱ ሰው ሕፃኑን በጀርባው አስተኝቶ ጉልበቶቹን ወደ ሆዱ አጥፎ ይይዛል፤ ሌላው በጄል የራሰውን ብረት ነርሷ ባሳየችው ጥልቀትና አቅጣጫ ቀስ አድርጎ ያስገባል፣ ግማሽ ደቂቃ ያህል ይዞ ያወጣል። ጥቂት ደም ይታይ ይሆናል። አልገባ ካለ በጉልበት አይገፋም፤ ወደ ቀደመው ቁጥር ተመልሶ ሐኪም ጋ መሄድ ነው። አንዳንድ ቀዶ ሐኪሞች ዛሬ ለሁሉም ልጅ አያዝዙትም፤ ከታዘዘ ግን መዝለል የለም።

ሥራው የሚቋረጠው በስንፍና አይደለም። ልጁ ይጮኻል፣ አያት «አታሠቃይው» ትላለች፣ እናትም አንጀቷ አይችልም። ለጥቂት ሳምንት ይተዋል፣ ጠባሳው ይጠነክራል፣ በሚቀጥለው ቀጠሮ 12 ይገባ የነበረው 9 እንኳን እምቢ ይላል። ያኔ የሚቀረው ሌላ ቀዶ ሕክምና ሊሆን ይችላል። ደግሞ የሆዱ ቀዳዳ ሲዘጋ ማስፋቱ አብሮ አያበቃም። ብረቱ ያለ ችግር መግባት ሲጀምር በቀን አንዴ፣ ከዚያ በየሦስት ቀኑ፣ በሳምንት ሁለቴ፣ በሳምንት አንዴ እየተባለ በየደረጃው አንድ አንድ ወር ይኬዳል።

የሆዱ ቀዳዳ ከተዘጋ በኋላ ሰገራው በቀን አሥርና ከዚያ በላይ ጊዜ ሊመጣ ይችላል፤ ሰገራ ነክቶት የማያውቀው የመቀመጫ ቆዳም ይቃጠላል። ቅባቱ ቁስሉ ከመውጣቱ በፊት፣ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ በወፍራሙ ይቀባ፤ በለብ ያለ ውሃ ይታጠብ፤ በቀን ጥቂት ጊዜ ያለ ዳይፐር ይተኛ። በሳምንታት ውስጥ ቁጥሩ ይቀንሳል። ከዚያ የሚመጣው ጠላት ድርቀት ነው። ልብሱን ሁልጊዜ በጥቂቱ የሚያቆሽሽ ልጅ ተቅማጥ የያዘው ይመስላል፤ ውስጡ ግን በደረቅ ሰገራ ተሞልቶ ቀጭኑ በጎን እያመለጠ ሊሆን ይችላል። የተቅማጥ መድኃኒት መስጠት ያባብሰዋል። ሆዱ ይነካ፣ ራጅ ይነሣ፣ ማለስለሻው በሐኪም ይታዘዝ። ነርቩና ጡንቻው ደካማ ለሆነ ልጅም በየቀኑ በተወሰነ ሰዓት አንጀቱን በውሃ ማጠብ የሚባል ዘዴ ስላለ ትምህርት ቤት መቅረት የለበትም።

የምንጠይቀው ብዙ አይደለም። ሕፃኑ የሚሰናበተው ሁለት ሰዎች፣ ቢቻል እናትና አባት፣ ጨርቁን ወይም ከረጢቱን በነርስ ፊት በገዛ እጃቸው ለውጠው ካሳዩ በኋላ ይሁን፤ ለማስፋቱም ሥራ እንዲሁ። አንድ አስታማሚ ብቻ የሚያስገባው የጥበቃ ሕግ ለዚያ ቀን ይላላ። ከረጢቱ፣ ዚንክ ኦክሳይዱና የማስፊያው ብረት እንደ መድኃኒት ተቆጥረው በሆስፒታል መድኃኒት ቤትና በማኅበረሰብ ጤና መድን ይገኙ፤ ብረቱ ተመላሽ በሆነ ውሰት ቢሰጥ እንኳ አንዱ ስብስብ ለብዙ ልጅ ያገለግላል። የመሰናበቻ ወረቀቱ በአማርኛና ቤተሰቡ በሚያነበው ቋንቋ፣ ሰዓቱ በአገራችን አቆጣጠር፣ የክፍሉም ስልክ ቁጥር ተጽፎበት ይሰጥ። ጋዜጣውም በጤና ዓምዱ ለዚህ ወረቀት የሚሆን ናሙና ከነሥዕሉ ቢያወጣ ጽሑፉን እኛ ለማዘጋጀት ዝግጁ ነን።

ከአክብሮት ጋር
የሕፃናት ቀዶ ሕክምና ክፍል ነርሶች
ከአዲስ አበባ