መጀመሪያ መደርደሪያው ይታይ

ለተከበርከው አዘጋጅ፣

ባለፈው ሳምንት ስለ ሕዝብ ብዛት ያወጣችሁትን ጽሑፍ አነበብኩ። ጥፋቱ ሁሉ «ልጅ በዕድሉ ያድጋል» በሚለው አባባል ላይ ተለጥፏል። ገበሬው አመለካከቱን ካልቀየረ ፖሊሲ ዋጋ የለውም ዓይነት ነገር። እኔ ስድስት ዓመት በገጠር ቀበሌ ጤና ኤክስቴንሽን ሆኜ ሠርቻለሁ። ያየሁት ሌላ ነው።

የሥነ ሕዝብ ፖሊሲው የወጣው በ1985 ዓ.ም. ነው። አንዲት እናት በአማካይ የምትወልደውን ከ7.7 ልጅ በ2007 ወደ 4 ላወርድ ብሎ ተነሳ። ለዓመታት ግን ወረቀት ሆኖ ነው የቆየው። በ1992ቱ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት የእርግዝና መከላከያ የሚጠቀሙ ባለትዳር ሴቶች ከመቶ 8 ብቻ ነበሩ። በ2008ቱ ጥናት 36 ደረሱ፤ የወሊዱ አማካይም 4.6 ሆነ። መሃል ላይ ምን መጣ? ትምህርቱም ድርሻ አለው፣ አልክድም። ዋናው ግን በ1995 የተጀመረው ጤና ኤክስቴንሽን ነው። ለአንድ ቀበሌ ሁለት ሴቶችና አንድ ጤና ኬላ።

እኔ ዘንድ የሚመጡ እናቶች ተረት ሲጠቅሱ ሰምቼ አላውቅም። «መርፌው አለ?» ነው የሚሉት፤ በየሦስት ወሩ የሚወጉትን የእርግዝና መከላከያ ማለታቸው ነው። አንዷ ባሏ እንዳያይባት ካርዷን እኔው ጋ ትተወው ነበር። ሦስት ወር ሲሞላ ጨው ልትገዛ ገበያ ወጥታ በዚያው ብቅ ትላለች። አንድ ቀን መርፌው አልቆ መለስኳት። ከወረዳ ይመጣል የተባለው ሁለት ወር ቆየ። ስትመጣ አርግዛለች። አልተቆጣችም፤ ዝም ብላ አየችኝ። ምን ልበላት?

አዲስ አበባን ደግሞ እዩ። በዚያው በ2008ቱ ጥናት የከተማዋ የወሊድ አማካይ 1.8 ነው፤ የሶማሌ ክልል 7.2። አዲስ አበቤውን ማን መክሮት ነው? እንደ እኔ ከሆነ የቤት ኪራይ ነው። አከራይ በር ላይ ቆሞ መጀመሪያ የሚጠይቀው «ልጅ አላችሁ?» ብሎ አይደል!

የእርግዝና መከላከያ የምንገዛው በአብዛኛው በለጋሽ ገንዘብ ነው። በ2017 የአሜሪካ መንግሥት የዕርዳታ ድርጅት ዩኤስኤይድ ሲዘጋ ቀድማ ትዝ ያለችኝ ያቺ ሴት ናት። ስለ ገበሬው አመለካከት ሌላ ጽሑፍ ከማውጣታችሁ በፊት እባካችሁ አንድ ጋዜጠኛ ወደ ገጠር ጤና ኬላ ላኩና መደርደሪያው ላይ ምን እንዳለ አይቶ ይምጣ።

የቀድሞ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ፣ ከደሴ