የኪነ ሕንፃ ክበብ የዓመቱ ሥራ፦ የቻትስወርዝ የፈረስ ጋጣ

ክበባችን ዘንድሮ የሠራው በአንድ ሕንፃ ላይ ብቻ ነው። እሱም እንግሊዝ አገር፣ ደርቢሻየር ውስጥ፣ ቻትስወርዝ በተባለው የመስፍን መኖሪያ የሚገኘው የፈረስ ጋጣ ነው። ልጆቹ መጀመሪያ ቅር ብሏቸው ነበር። «ያ ሁሉ የመስፍን ቤት እያለ ጋጣ?» አሉ። እኔ ግን ሆን ብዬ ነው የመረጥኩት። የሥራ ቤት ውስጥ እያንዳንዱ በርና መስኮት ምክንያት አለው።

ጋጣውን የነደፈው ጄምስ ፔይን ነው። ያሠራው ደግሞ አራተኛው የዴቨንሻየር መስፍን ነው፤ ጊዜውም እ.ኤ.አ. 1760ዎቹ ገደማ። ከመኖሪያው ራቅ ብሎ ኮረብታ ላይ ተቀምጧል። አራት ማዕዘን ነው፤ አንዱ ጎን 58 ሜትር ገደማ ይሆናል፤ መሐሉ ክፍት ግቢ ነው። 80 ፈረሶች ይይዝ ነበር። ጎተራው ፎቅ ላይ ነበር፤ አንጥረኛውም የሚሠራው እዚያው ጋጣው ውስጥ ነበር።

ሞዴሉን በካርቶን ስንሠራ ወለሉ ልሙጥ ነበር። አባቱ ጋሪ የሚነዳ የዘጠነኛ ክፍል ተማሪያችን ጎንበስ ብሎ አየውና «ሽንቱ በየት ይወርዳል?» አለ። ፈረስ እርጥብ ላይ ቆሞ ከዋለ ሰኮናው ይበላሻል ብሎ አስረዳን። ወለሉን ነቅለን፣ አዘንብለን፣ ቦይ አወጣንለት። ለእኔ የዓመቱ ምርጥ ትምህርት ይህ ነው።

በሩ ላይ ብዙ ቆየን። የዶሪክ (የጥንት ግሪክ ስልት) ዓምዶች አሉት፤ ከላይ ትልቅ የቤተሰቡ አርማ፣ ከዚያም የሰዓት ማማ። እዚያው ሁለት አጋዘኖች አሉ፤ አጋዘኖቹ ቅርጽ ናቸው፤ ቀንዳቸው ግን የእውነተኛ አጋዘን ቀንድ ነው! ልጆቹ ይህን ሲሰሙ ጉድ አሉ። ለሞዴላችን ቀንዱን ከደረቀ የቡና ጭራሮ ሠሩለት፤ በጣም አምሮበታል።

የመጨረሻዎቹ ፈረሶች የወጡት እ.ኤ.አ. በ1939 ነው። ቤቱ ከዚያ መጋዘንና ጋራዥ ሆነ፤ አሁን ምግብ ቤትና ሱቆች አሉበት። ይህ ክበቡን ለሁለት ከፈለው። ግማሾቹ «ታሪኩ ጠፋ» አሉ። እኔ ከሌሎቹ ጋር ነኝ፤ ሰው የሚገባበት ቤት ጣሪያው ይጠገናል። ክርክሩ ግን እስከ ወላጆች ቀን ድረስ አልበረደም።

ለከርሞ ጎንደር ወርደን በፋሲል ግቢ ያለውን የአፄ በካፋን ጋጣ ለመለካት አስበናል። ረጅም ሜትር ያላችሁ ወላጆች ብታውሱን ደስ ይለናል።